ያልተጻፈ ልምድና ባር ያልነካ ዲግሪ

(በቱሉ ዲምቱ ለአካባቢው የጂም አሰልጣኞችና ለስፖርት ሳይንስ ምሩቃን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ፣ ገሚሶቻችሁም ከገላንና ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ቀያይራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከሻይ በፊት በነበረው ውይይት አንድ ወንድማችን «ዲግሪ ባር አያነሳም» ሲል፣ ባር ያለው ክብደት የሚሰካበትን ብረት ነው፣ አጨበጨባችሁለት። ቀጥላ የተነሳችው ምሩቅ እህታችን «ባር ያነሳ ሁሉስ አሰልጣኝ ነው እንዴ?» ስትል ለእሷም አጨበጨባችሁ። እኔ ሁለቱን አስታርቄ ለመቀመጥ አልመጣሁም። ክርክሩ ከመነሻው አንድ ነገር ረስቷል ባይ ነኝ። መጽሐፍ ውስጥ ያለው የብርታት ልምምድ ዕውቀት ከየት መጣ? ባር ከያዘ ሰው እጅ ነው የመጣው። ያ ሰው ያየውን ጻፈ፣ ቆጠረ፣ መልሶ አየና አረመ። እኛ ግን እናያለን እንጂ አንጽፍም። ዛሬ የምናገረው በሙሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

በየጂማችን «ሦስት ዙር፣ አስር አስር ጊዜ» የምንለው ነገር ባለቤት አለው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቶማስ ዴሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነበር። በልጅነቱ የሩማቲክ ትኩሳት አልጋ ላይ አውሎት ነበርና ሰውነቱን መልሶ ያበረታው ክብደት በማንሳት ነው። ሐኪም ከሆነ በኋላ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች ይመጡለት ጀመር። የዘመኑ ትምህርት ለእንዲህ ያለ ሰው ቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ ማስነሳት ነበር። ዴሎርም በራሱ ሰውነት ያየውን ያውቃልና ከባድ ክብደት አስነሳቸው፤ የሰለለው ጡንቻቸው ተመለሰ። ይህንን በ1945 ጽፎ አወጣ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። መጀመሪያ የጻፈው ከሰባት እስከ አስር ዙር ይሠራ የሚል ነበር። ከታካሚዎቹ ጋር ሲቆይ ያ ሁሉ ዙር እንደማያስፈልግ አየ። በ1948 ከባልደረባው ከዋትኪንስ ጋር ሆኖ የራሱን ጽሑፍ አሻሻለና ወደ ሦስት ዙር አወረደው። አስር ጊዜ ብቻ ልታነሳው የምትችለውን ክብደት ትወስዳለህ፤ የመጀመሪያውን ዙር በግማሹ፣ ሁለተኛውን በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛውን በሙሉው ትሠራለህ። እጁ ያየው መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፉን ደግሞ እጁ መልሶ አረመው። በሶቪየት ኅብረትም እንዲሁ ነው። የቱ ክብደት ስንት ጊዜ መነሳት እንዳለበት የሚያሳየው፣ ክብደት አንሺዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት የፕሪሌፒን ሠንጠረዥ የተቀዳው ከትልልቅ ክብደት አንሺዎች የልምምድ ደብተር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። በልምድ የምትሠሩ ወንድሞቼ «እኔ በዚህ ፕሮግራም ስንቱን ለውጫለሁ» ትላላችሁ። እውነትም ለውጣችኋል። ግን ያ ሰው እናንተ ጋ ምን ያህል ቆየ? የጂማችንን ወቅት ታውቁታላችሁ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይሞላል። ኅዳር ላይ ለጥር ሠርግ የሚዘጋጁ ሙሽሮችና ሚዜዎች ይመጣሉ። ሁዳዴ ሲገባ ይሳሳል። ከፋሲካ በኋላ ጥቂቱ ይመለስና ክረምቱ ሲብስ ጭቃው ቀሪውን ያስቀራል። አብዛኛው ሰልጣኝ ሁለት ሦስት ወር ሠርቶ ይሄዳል።

ሞሪታኒና ዴቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ያሳዩት ነገር አለ። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ብርታት በአብዛኛው ከነርቭ ነው የሚመጣው። ጡንቻው ገና ብዙም አላደገም፤ ነርቩ ያለውን ጡንቻ በአንድነት ማሠራት ተማረ። የጡንቻው እድገት ድርሻው የሚጎላው ቆይቶ ነው። እንግዲህ ጀማሪን በሳምንት ሁለት ቀን ብታሠሩት ይበረታል፤ አምስት ቀን ብታሠሩትም ይበረታል። በማሽንም ይበረታል፣ በባርም ይበረታል፣ ሲሚንቶ በተሞላ የቀለም ጣሳም ይበረታል። ስለዚህ ሰልጣኞቹ በሁለት ወር የሚሄዱበት አሰልጣኝ ስንት ዘመን ቢሠራ የሚያየው ሁሉም ነገር የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚለየው በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰውየው የለም።

ይህን ነገር ዓይን ብቻውን አያየውም። የቱንም ያህል ጠንቃቃ አሰልጣኝ ብትሆኑ ውጤቱ ፊታችሁ ነውና የፕሮግራሜ ውጤት ነው ትላላችሁ። ለዚህ ነው መጽሐፍ የሚያስፈልገው፤ የምታዩት ነገር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ይነግራችኋል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሙያ መጠምጠሙ ቀድሞ የመጣበት ቦታ ብዙ ነው። ላስቲክ አስለብሶ የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ዛሬም አለ። ላስቲኩ የሚያወጣው ውሃ ነው፤ ሰልጣኙ ጠጥቶ ሲያድር ኪሎው ይመለሳል፣ በመሀል ግን ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ጉልበት ይጨርሳል፣ ሴት ልጅ ክብደት ካነሳች ወንድ ትመስላለች የሚሉት ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ወደ ምሩቃኑ ደግሞ ዞር ልበል። መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ወጣት ነው፣ ጠግቦ ይበላል፣ ሌሊቱን ይተኛል፣ ከልምምዱ ሌላ የጉልበት ሥራ የለበትም። የሚያነሳው ባር በትክክል 20 ኪሎ ነው፣ ላዩ ላይ 20 የተጻፈበት ብረትም 20 ኪሎ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው እዚህ የሚገኘው?

ብረቱን ላስቀድም። አንድ የሰፈር ጂም ውስጥ አንድ ልጅ ቤንች ሲሠራ፣ ማለትም በጀርባው ተኝቶ ባር ወደ ላይ ሲገፋ፣ ባሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። አሰልጣኙ የተማረ ነውና ግራ እጁ ደክሟል ብሎ ለግራው ለብቻው ተጨማሪ የዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት) ልምምድ ጻፈለት። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን የግራና የቀኝ አለመመጣጠን ያውቀዋል፤ ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ወራት አለፉ፣ ባሩ ግን አልተቃናም። በመጨረሻ ከጎን ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ብረቶቹን አወጣናቸው። ሁለቱም ላይ 20 ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ 18 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው 21 ሆኖ ተገኘ። ባሩ ደግሞ ከውሃ ቧንቧ የተበየደ ነበርና 12 ኪሎ መዘነ። የልጁ ግራ እጅ ጤነኛ ነው፤ ሚዛን ያጣው ብረቱ ነበር።

በዚያ ብረት ላይ፣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሳ ከሚችለው ክብደት በመቶኛ የተሠላ ፕሮግራም ስትጽፉ ምን እንደሚሆን አስቡት። የኤፕሊን ቀመር ታውቁታላችሁ፤ 60 ኪሎ አስር ጊዜ ያነሳ ሰው አንድ ጊዜ ሊያነሳ የሚችለው ወደ 80 ኪሎ ይገመታል። ግን 60 ያልነው በእርግጥ 60 ነው ወይ? ባሩን 20 ብለን ቆጥረን 12 ከሆነ፣ ገና ከመነሻው 8 ኪሎ አጥተናል። ሰልጣኙ ሌላ ጂም ሄዶ እውነተኛውን ባር የተሸከመ ዕለት ነው አደጋው የሚመጣው። ስለዚህ ከዲግሪም ከልምድም በፊት የሚመጣ አንድ ሥራ አለ፤ ብረታችሁን መዝኑ፣ እውነተኛውን ክብደት በቀለም ጻፉበት። ወፍጮ ቤት የሌለበት ሰፈር የለም።

ቀጥሎ ሰውየው ነው። በዚህ አካባቢ ከ12 ሰዓት በኋላ ወደ ጂም ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ግንባታ ላይ የዋሉ ናቸው። አንዱን ላሳያችሁ። ቀን ብሎኬትና 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሏል። ክንዱ ላይ የደረቀ ስሚንቶ አለ። ደብተሩ ላይ ዛሬ ስኳት በ80 በመቶ፣ አምስት ዙር አምስት ጊዜ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት በደንብ ይወርዳል፣ በደንብ ይነሳል። በሦስተኛው ከታች ሲነሳ ባሩ መንገድ ላይ ይዘገያል። ተረከዙ ከወለሉ በትንሹ ይለቃል፤ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ትንፋሹ ከመነሳቱ በፊት ያመልጠዋል። አምስተኛውን ያነሳዋል፣ ደረቱ ግን ቀድሞ ወድቋል።

ልምድ ብቻ ያለው አሰልጣኝ ይህን ሲያይ «በርታ እንጂ!» ይላል። መጽሐፍ ብቻ ያለው ደግሞ ደብተሩን እያየ አምስቱን ዙር ያስጨርሰዋል፤ ቁጥሩ 80 በመቶ ነውና። ሁለቱንም የያዘ አሰልጣኝ የባሩን መዘግየት ያነባል። ክብደቱ ሳይለወጥ የመነሻ ፍጥነት ከወደቀ ድካም ገብቷል ማለት ነው፤ ይህን በመሣሪያ የሚለኩ አገሮች አሉ፣ እኛ ዓይን አለን። የዚያን ቀን ለዚህ ልጅ 80 በመቶ የተባለው ክብደት ለሰውነቱ ከ90 አያንስም። ስለዚህ ክብደቱን ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ ከሦስት ዙር በኋላ ታቆሙታላችሁ፣ ከባዱን ቀን ሥራ ወደማይውልበት ወደ እሑድ ከሰዓት ታዛውራላችሁ። ዓይኑ ባይኖር ድካሙ አይታይም። መጽሐፉ ባይኖር ደግሞ ያየነውን ስንፍና ነው ብለን እናልፈዋለን።

እጅ ስል ደግሞ በጥሬው እጅም አለ። በሴቶች ሰዓት የምታሠለጥኑ ወንዶች ሰልጣኝ እየነካችሁ ጀርባ ማስተካከል አትችሉም፤ ልትሞክሩትም አይገባም። የመጥረጊያ እንጨት ውሰዱ። ጀርባዋ ላይ በቁሙ ትያዘው። የኋላ ጭንቅላቷን፣ የትከሻዋን መሀልና ከታች የጅራት አጥንቷን ይንካ። ጉልበቷን በትንሹ አጥፋ፣ ዳሌዋን ወደ ኋላ እየገፋች ትጎንበስ። እንጨቱ ከሦስቱ ከአንዱ ከለቀቀ ጀርባዋ ታጥፏል። ይህን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ እንጨቱ ራሱ ይነግራታል። ሁሉም ሲገባት 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን እንድታነሳ አድርጉ፤ ውሃ ጠፍቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ የምትሸከመውን ያንኑ ጀሪካን። ብዙ እናቶች ወደ ጂም የሚመጡት ወገባቸውን አሟቸው ነው። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ባሩን አስቀምጡና ወደ ሐኪም ላኩ። የሙያችን ድንበር እዚያ ላይ ነው።

ጾሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ ብዙው ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ረመዳንም የራሱ ሥርዓት አለው። «ጾሙን ተወውና እንቁላል ብላ» የሚል አሰልጣኝ ሰልጣኙን ያጣዋል፤ ቢያጣውም ይገባዋል። የእኛ ሥራ ከሰውየው እምነት ጋር የሚሄድ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። ይህን ጥያቄ የውጭ መጽሐፍ አያነሳላችሁም፤ መልሱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ግን እዚያው አለ።

በ2018 የወጣ 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ለጡንቻ እድገት በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል ይላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ነው። በጾም ይገኛል? እንቁጠረው። ሳይበስል በተመዘነ 150 ግራም ምስር ወደ 36 ግራም፣ ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት በተጋገረ እንጀራ ወደ 39፣ በ100 ግራም የሽንብራ ቆሎ ወደ 20፣ በ60 ግራም ለውዝ ወደ 15። ተደምሮ 110 ይጠጋል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ያለ ፕሮቲን ፓውደር ማለት ነው፤ የፓውደሩ ዋጋ ለዚህ ሰፈር ልጅ ስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምግቡ ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሚሆን ልምምዱን ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ወደ 12 ሰዓት አድርጉት። የልምምዱን መጠን ቀንሱ፣ ክብደቱን ግን አታውርዱ። የተገኘ ብርታት ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ከቀድሞው ሥራ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሥራት ለሳምንታት ሊጠበቅ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ሁዳዴ ሲገባ ሰልጣኙን በሳምንት ሁለት ቀን በአጭሩ አሠሩት፤ ለፋሲካ ብርታቱን እንደያዘ ይደርሳል። የጂማችሁ ገቢም በዚያው ይተርፋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከሱሉልታና ከሰንዳፋ በኩል ያላችሁ ሯጮችን ታሠለጥናላችሁ። ሯጮቻችን ክብደት ያከብደናል ብለው ይፈራሉ። በ1999 በፊንላንድ የተደረገው ጥናት መልስ አለው። ለዘጠኝ ሳምንት ከሩጫ ሰዓታቸው ከፊሉን ወደ ዝላይና ፈጣን የብርታት ልምምድ የለወጡ የሠለጠኑ ሯጮች የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ፤ ኦክስጅን የመውሰድ አቅማቸው ግን አልጨመረም። በአንድ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያወጡት ጉልበት ነው የቀነሰው። ይህን ንገሯቸው። ግን እንጦጦን ወጥታ የመጣች ልጅን በዚያው ቀን ከባድ ስኳት አታሠሩ፤ እግሯን አይታችሁ ወስኑ። ከቆላ አዲስ ለመጡት ደግሞ በዙር መሀል ያለውን ዕረፍት አርዝሙ። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 500 ሜትር ነው፤ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ። አንዱን ዙር እንደማንም ያነሱታል። ጡንቻው ለቀጣዩ ዙር ጉልበቱን መልሶ የሚሞላው ግን በኦክስጅን ነውና መጽሐፉ ሁለት ደቂቃ ቢልም ሦስት፣ አራት ስጧቸው።

ልምድና ትምህርት አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚያፈሩ ሌላ አገር ሄደን አንፈልግም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ላይ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱንም ቀነኒሳንም ገና ሕፃናት ሳሉ ለይተው አይተዋል። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሀንጋሪ ተምረው መጥተው ብሔራዊ ቡድኑን መሩ። ያው አትሌት ከበቆጂው ዓይን ወደ ዶክተሩ ሰዓት ተላለፈ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የሁለቱም ሥራ እዚያ ላይ ነበር። የአንዳቸው ልፋት ለሌላው እንዳይተርፍ ቢከላከሉ ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስቡት።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ምሩቅ ከአንድ የሰፈር ጂም አሰልጣኝ ጋር ይጣመር። ምሩቁ ማታ ማታ ጂም ይግባ፤ መጀመሪያ ያሟሙቅ፣ ብረት ያቀብል፣ ይመልከት፤ ቶሎ ለማረም አይቸኩል። አሰልጣኙ ደግሞ በየሰልጣኙ አንድ ደብተር ይክፈት። ቀኑን፣ የተመዘነውን እውነተኛ ክብደት፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይጻፍበት። በዙሩ መጨረሻ «ስንት ጊዜ ማንሳት ይቀርህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ጾም ላይ መሆን አለመሆኑንም ጻፉ። የጠፋ ሰልጣኝ ደብተር አይጣል፤ ከዓመት በኋላ ሲመለስ ከየት እንደሚጀምር የሚነግራችሁ እሱ ነው። በየሁለት ወሩ ሁለታችሁም ደብተሮቹን ይዛችሁ ተቀመጡ። ማን ቆመ? ማን ተጎዳ? ማን በአምስተኛው ወርም ይጨምራል? እንዲህ ያለ መዝገብ ስለ ብሎኬት ተሸካሚ፣ ስለ ጾመኛ፣ ስለ ደገኛ ሰውነት ማንም አይጽፍልንም። መረጃው በየማታው እፊታችን ይሠራል፣ በየማታው ይጠፋል።

መጣመር የምትፈልጉ በር ላይ ላለችው እህታችን ስማችሁንና የምትሠሩበትን ሰፈር አስመዝግቡ፤ ተቀራራቢ ሰፈር ያላችሁን እናገናኛለን። ለመጀመሪያው ስብሰባ የየጂማችሁን ብረት መዝናችሁ ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።